አኩሪ አተርና የጡት ካንሰር፦ ዱቄቱን ሳይሆን መዘግየቱን እንፍራ

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላትና ለተጋባዥ እንግዶች የቀረበ ንግግር)

ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ ቦሎቄ ገበያ በሚነገርበት በዚህ መድረክ ላይ አንዲት ነርስ ስለ ጡት ካንሰር እንድትናገር መጋበዟ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ነገር ሊሆን ይችላል። የጋበዙኝ የሴቶች ኮሚቴ አባላት ግን በቂ ምክንያት አላቸው። በየማኅበራቱ ሱቅ አኩሪ አተር የተቀላቀለበት ዱቄት ሲቀርብ «ይህ ነገር የሴት ጡት ላይ ካንሰር ያመጣል ይባላል» እያሉ የሚመልሱ እናቶች መኖራቸውን ነግረውኛል። እኔም በአዳማና በሌሎች የስምጥ ሸለቆ ከተሞች በነርስነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት ይህንኑ ጥያቄ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ።

ነገሩን ከአንዲት እናት ታሪክ ልጀምር። ስሟንና ቀበሌዋን እንዳልጠራ አደራ ብላኛለች፤ ታሪኳን ግን እንድናገር ፈቅዳልኛለች። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሐይቆቻችን በአንዱ አካባቢ ስለ ሕፃናት አመጋገብ ትምህርት ሰጥተን ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ አንዲት የ38 ዓመት ሴት ወደ ኋላ ቀረች። «እትዬ፣ አኩሪ አተር ያለበትን ዱቄት የበላች ሴት ጡቷ ላይ ነቀርሳ ይወጣባታል የሚሉት እውነት ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። «ሐሰት ነው፣ አትስሚያቸው» ብዬ ልሸኛት ትንሽ ነበር የቀረኝ። ነገር ግን ዓይኗ ከመሬት አልተነሳም። «ምነው ጠየቅሽኝ?» አልኳት። ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ በግራ ጡቷ ላይ ያለውን እብጠት አስዳሰሰችኝ። ካገኘችው 8 ወር አልፎታል። «ዱቄቱን ከተውኩት ይከስማል ብዬ እየጠበቅኩ ነው፤ ደግሞም አያመኝም» አለችኝ። ዱቄቱን የተወችው ለራሷ ብቻ አልነበረም፤ ለትንሿ ልጇ የምታገነፋላትንም ገንፎ አቋርጣለች።

እንግዲህ አንድ ወሬ በአንድ ቤት ውስጥ ሁለት ጉዳት አደረሰ ማለት ነው። ልጅቱን ከምግቧ ነጠላት፤ እናቲቱን ደግሞ ሐኪም ማየት የሚገባትን 8 ወር በከንቱ አስፈጃት። ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁትም አንድ ነገር ነው፦ እንፍራ ካልን የምንፈራው አኩሪ አተሩን ሳይሆን መዘግየቱን ይሁን።

አኩሪ አተር በእኛ ማዕድ

አኩሪ አተር የስምጥ ሸለቆ ዋና ሰብል እንዳልሆነ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። እኛ የምንታወቀው በቦሎቄ፣ በጤፍ፣ በስንዴ፣ በሽምብራ፣ በሽንኩርትና በቲማቲም ነው። አኩሪ አተሩ በብዛት የሚመረተው በምዕራብ ኦሮሚያና በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ነው። ይሁን እንጂ ወደ ማዕድ ቤታችን ከገባ ቆይቷል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በስዊድን ድጋፍ ለሕፃናት የተዘጋጀውን የፋፋ ዱቄት የማያስታውስ አረጋዊ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። በኋላም በ1995 ዓ.ም. ድርቁ የምሥራቅ ሸዋንና የአርሲን ቆላ ወረዳዎች ክፉኛ በመታ ጊዜ የበቆሎና የአኩሪ አተር ድብልቅ ዱቄት ለተጎዱ ሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለሚያጠቡ እናቶች ታድሏል። ዛሬ ደግሞ በጾም ወቅት የአኩሪ አተር ወተት የሚጠጣ፣ ሽሮው ላይ አኩሪ አተር ጨምሮ የሚያስፈጭ ቤተሰብ ጥቂት አይደለም።

ሰው ወዶ አይደለም ወደዚህ ሰብል የተሳበው። 100 ግራም ደረቅ አኩሪ አተር 36 ግራም ያህል ፕሮቲንና 20 ግራም ያህል ቅባት ይዟል። ቦሎቄና ሽምብራ በተመሳሳይ መጠን ያላቸው ፕሮቲን ከ20 እስከ 24 ግራም ገደማ ነው። ሥጋና እንቁላል በየቀኑ ለማይገኝበት ቤት ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው በአገራችን ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ 100 ሕፃናት መካከል 37ቱ የቀነጨሩ ነበሩ። ስለዚህ አንድን ገንቢ ምግብ ከሕፃናት አፍ የሚነጥል ወሬ እውነት መሆን አለመሆኑን ማጣራት ግዴታችን ነው።

ወሬው ከየት መጣ?

ወሬው ፈጽሞ ከባዶ ሜዳ የተነሳ አይደለም። አኩሪ አተር ውስጥ አይሶፍላቮን የሚባል የተፈጥሮ ንጥረ ነገር አለ። ቅርጹ ኤስትሮጅን ከሚባለው የሴት ሆርሞን ጋር ይመሳሰላል። ብዙዎቹ የጡት ካንሰር ዓይነቶች ደግሞ ኤስትሮጅንን እንደ ማዳበሪያ ተጠቅመው የሚያድጉ ናቸው። «ኤስትሮጅን ካንሰሩን የሚያሳድግ ከሆነ፣ ኤስትሮጅን የሚመስለውስ?» የሚል ጥያቄ ከሳይንቲስቶቹም ዘንድ ተነስቷል። በ1990ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በተደረጉ ሙከራዎች የሰው የጡት ካንሰር ሴል የተተከለባቸው አይጦች ከአይሶፍላቮን አንዱ የሆነውን ጄኒስቴይንን በመኖ ሲመገቡ ዕጢው አድጎ ታይቷል። ወሬው ከዚያ ተነስቶ ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፈ እኛ ዘንድ ደረሰ።

ነገር ግን መመሳሰል አንድ መሆን አይደለም። ለገበሬ በሚቀርብ ምሳሌ ላስረዳ። በጡት ሴል ላይ ኤስትሮጅን የሚጠመድበት ቀንበር አለ ብላችሁ አስቡ። ኤስትሮጅን ጉልበተኛ በሬ ነው፤ ሲጠመድ ይጎትታል፣ ሴሉንም እንዲራባ ይገፋዋል። አይሶፍላቮን ግን ጥጃ ነው። አንገቱን ቀንበሩ ውስጥ ቢያስገባ ቦታውን ይይዛል እንጂ እንደ በሬ አያርስም፤ እንዲያውም በሬው የሚጠመድበትን ቦታ ሊዘጋበት ይችላል። ከዚህም ሌላ ቀንበሩ ሁለት ዓይነት ሲሆን፣ አይሶፍላቮን ይበልጥ የሚስማማው የሴልን መራባት በማፋጠን ከሚታወቀው ጋር ሳይሆን ከሌላው ጋር ነው።

የአይጦቹም ነገር ቢሆን ለሰው በቀጥታ የሚተረጎም አይደለም። የአይጥ ሰውነት አይሶፍላቮንን የሚያስተናግድበት መንገድ ከሰው የተለየ ነው። እነዚያ አይጦች የተፈጥሮ መከላከያቸው የተዳከመና ኤስትሮጅን የሚያመነጨው የሰውነታቸው ክፍል የወጣላቸው ነበሩ። ስለሆነም ትክክለኛው መልስ መገኘት ያለበት አኩሪ አተርን ዕድሜ ልካቸውን ከሚመገቡ ሴቶች ነው።

በሴቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ምን አሳዩ?

እንደ ቻይናና ጃፓን ባሉ አገሮች አኩሪ አተር ለሴቶች እንደ እኛ ሽሮ ነው። ከልጅነታቸው ጀምሮ አይብ በሚመስለው ቶፉ፣ በወተትና በሾርባ መልክ ይመገቡታል። በቻይና ሻንጋይ ከተማ 73,223 ሴቶችን ለ7 ዓመታት ያህል የተከታተለ ጥናት በ2009 እ.ኤ.አ. ታትሟል። በዚህ ጥናት አኩሪ አተር አብዝተው ከሚመገቡት መካከል ከማረጥ በፊት በጡት ካንሰር የተያዙት ጥቂት ከሚመገቡት ሲነጻጸሩ ከግማሽ በታች ነበሩ። በጃፓንም 21,852 ሴቶችን ለ10 ዓመታት የተከታተለና በ2003 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ተቀራራቢ ውጤት አግኝቷል።

«ካንሰሩ አስቀድሞ ለያዛትስ?» የሚል ጥያቄ ሊነሳ ይችላል። ይህም ተጠንቷል። በዚያው በሻንጋይ 5,042 የጡት ካንሰር ታማሚዎች ከሕክምናቸው በኋላ በአማካይ ለ4 ዓመታት ያህል ክትትል ተደርጎላቸዋል። አኩሪ አተር አብዝተው የተመገቡት ጥቂት ከተመገቡት ይልቅ የሞቱት በ29 በመቶ፣ በሽታው ያገረሸባቸው ደግሞ በ32 በመቶ ያነሱ ሆነው ተገኝተዋል። ውጤቱ ታሞክሲፌን የተባለውን ፀረ ኤስትሮጅን ክኒን በሚወስዱትም ሴቶች ላይ ቢሆን ጉዳት አላሳየም።

እዚህ ላይ እውነቱን ሳላጋንን መናገር ይገባኛል። እነዚህ ጥናቶች አኩሪ አተር የጡት ካንሰር መድኃኒት ነው አይሉም። አኩሪ አተር የሚያዘወትሩ ሴቶች በሌላም ነገር፣ ለምሳሌ በአትክልት አመጋገባቸውና በአኗኗራቸው፣ ከሌሎቹ ሊለዩ ይችላሉ። ጥቂት ብቻ በሚመገቡ የምዕራብ አገር ሴቶች ላይ በተደረጉ ጥናቶችም ጥቅሙም ጉዳቱም ጎልቶ አልታየም። ስለዚህ ካንሰር ይከላከልልኛል ብሎ ዱቄቱን እንደ መድኃኒት መቁጠርም ሌላ ስህተት ነው። ማለት የሚቻለው ይህን ነው፦ በምግብነት፣ በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ የሚበላ አኩሪ አተር የጡት ካንሰር እንደሚያመጣ በሴቶች ላይ የተደረጉት ጥናቶች አላሳዩም። የአሜሪካ የካንሰር ማኅበርም በምግብ መልክ የሚወሰድ አኩሪ አተር ለጡት ካንሰር ታማሚዎች ጭምር ደህና እንደሆነ ይመክራል። የተጣራ የአኩሪ አተር ዘይትማ አይሶፍላቮን የለውም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጥንቃቄ የሚያስፈልግባቸው

ጥንቃቄ የሚገባባቸው ነገሮች ግን አሉ፤ እነሱንም ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ምግቡና ክኒኑ አንድ አይደሉም። የአይሶፍላቮን ክኒንና ጭማቂ በፋርማሲና በየሱቁ ይሸጣል። በውስጡ ያለው መጠን ከምግብ ጋር አይወዳደርም፤ ደህንነቱም እንደ ምግቡ አልተረጋገጠም። በተለይ የጡት ካንሰር የነበረባት ሴት ሐኪሟን ሳታማክር መውሰድ የለባትም።

ሁለተኛ፣ ጥሬ አኩሪ አተር የፕሮቲንን መፈጨት የሚያውክ ንጥረ ነገር አለው። ስለዚህ ሳይቆላ ወይም በደንብ ሳይቀቀል ወደ ወፍጮ መሄድ የለበትም። እኔ ቤት ለሽሮ ሲዘጋጅ ታጥቦ፣ ተቀቅሎ፣ ደርቆና ተቆልቶ ነው። ከሌላው እህል 10 እጅ ላይ ከ1 እስከ 2 እጅ ቢገባ ጣዕሙም አይለወጥም።

ሦስተኛ፣ ለእንቅርት ወይም ለሌላ የታይሮይድ ሕመም የሆርሞን ክኒን የሚወስድ ሰው ክኒኑንና አኩሪ አተሩን በአንድ ሰዓት መውሰድ የለበትም፤ መድኃኒቱ በሚገባ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋልና። አኩሪ አተር ሲበላ የሚያሳክከው ወይም ትንፋሽ የሚያጥረው ሰውም ሊርቀው ይገባል።

እውነተኛው አደጋ

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። የጡት ካንሰር በአገራችን ሴቶችን ከሚይዙ የካንሰር ዓይነቶች ሁሉ ቀዳሚው ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ለ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት በዓመት ከ16,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ሴቶች በዚህ በሽታ ይያዛሉ፤ 9,000 ያህል ደግሞ ይሞታሉ።

ለምን ይህን ያህል ሞት? በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከ2005 እስከ 2010 እ.ኤ.አ. የታከሙ 1,070 ሴቶችን የተከታተለ ጥናት መልሱን ይጠቁመናል። እነዚህ በሽታው ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ገና ያልተሠራጨባቸው ሴቶች ነበሩ። እንዲያም ሆኖ ከ100ው 71ዱ ሕክምና የጀመሩት በሦስተኛው ደረጃ ላይ ሲደርሱ ነው፤ በመጀመሪያው ደረጃ ላይ የመጡት 4 ብቻ ነበሩ። የዕጢው አማካይ መጠን 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነበር። ይህን የሚያህል ዕጢ በአንድ ሌሊት አይበቅልም። ታማሚዎቹ ደግሞ ግማሽ ያህሉ ከ43 ዓመት በታች፣ ማለትም ልጅ የሚያሳድጉና እርሻ የሚያርሙ እናቶች ነበሩ።

በዚሁ ጥናት ውስጥ ተስፋም አለ። ከታማሚዎቹ 65 በመቶ ያህሉ ካንሰራቸው ኤስትሮጅንን የሚጠቀም ዓይነት ነበር። ይህ ዓይነቱ ከቀዶ ሕክምና በኋላ በየቀኑ በሚዋጥ እንደ ታሞክሲፌን ያለ ክኒን ለዓመታት ሊገታ የሚችል ነው። በጊዜ የመጣች ሴት የመዳን ዕድሏ ሰፊ ነው ማለት ነው።

እርግጥ ሕክምናው ለረጅም ጊዜ ሩቅ ነበር። የጨረር ሕክምና ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል በመላ አገሪቱ የሚሰጠው በጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ጅማን ጨምሮ በሌሎች ከተሞችም መሰጠት ጀምሯል። የመጀመሪያውን ምርመራ ለማድረግ ደግሞ አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግም። በቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ አይቶ አዳማ ወደሚገኘው የሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጅ፣ ወይም እንደየቅርበቱ ወደ አሰላ፣ ወደ ሻሸመኔ ወይም ወደ ሐዋሳ ሪፈር ይጽፋል።

ምን እናድርግ?

እናቶችና እህቶቼ፣ ጡታችሁን እወቁት። በወር አንድ ጊዜ፣ የወር አበባ ካለፈ ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ በመስታወት ተመልከቱ፣ በጣቶቻችሁም ዳስሱት፤ ብብታችሁንም አትርሱ። አዲስ እብጠት፣ የቆዳ መሰርጎድ ወይም እንደ ብርቱካን ልጣጭ መሆን፣ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት፣ ከጫፉ ደም መውጣት ወይም የማይድን ቁስል ካያችሁ በዚያው ሳምንት ጤና ጣቢያ ሂዱ። «አያመኝም» ብላችሁ አትናቁት፤ የጡት ካንሰር ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ አያምም። አብዛኛው እብጠት ካንሰር ሆኖ አይገኝም፤ ይህን ለይቶ የሚነግራችሁ ግን ምርመራ እንጂ ጎረቤት አይደለም። ጸሎታችሁን አትተዉ፤ ሐኪሙንም አትተዉ። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት ያለ ነገር አይደለም።

አደጋውን የሚቀንሱ፣ በእጃችን ያሉ ነገሮችም አሉ። ከ30 አገሮች የተሰበሰቡ 47 ጥናቶችን አጠቃልሎ በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ ሥራ አንዲት እናት ባጠባች በእያንዳንዱ 12 ወር የጡት ካንሰር አደጋዋ በ4 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። ስለዚህ ጡት ማጥባት ለልጅም ለእናትም ነው። አረቄም ሆነ ቢራ፣ መጠጥ አደጋውን ይጨምራል። በተለይ ከማረጥ በኋላ ከመጠን ያለፈ ውፍረትም እንደዚሁ። እናቱ ወይም እህቷ በዚህ በሽታ የተያዘችባት ሴት ደግሞ ከሌላው በበለጠ መከታተል አለባት።

ወንድሞቼ፣ ኦቦዎች፣ ይህ የሴቶች ጉዳይ ብቻ ነው ብላችሁ አትለፉት። ሚስት ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ገንዘብና ፈቃድ የምትጠብቀው ከማን እንደሆነ እናውቃለን። የበሬ ሕመም ሲሆን በዚያው ቀን የእንስሳት ሐኪም እንጠራለን። ለልጆቻችን እናት ከዚያ ያነሰ መቸኮል አይገባንም።

ለዩኒየኑ አመራርና ለተገኛችሁ የአስተዳደርና የጤና ኃላፊዎች ደግሞ ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። የኅብረት ሥራ አምስተኛው መርህ ትምህርት፣ ሥልጠናና መረጃ፣ ሰባተኛው ደግሞ ለማኅበረሰብ መቆርቆር መሆኑን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። አንደኛ፣ በየመሠረታዊ ማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ግማሽ ሰዓት ይሰጣት። ሁለተኛ፣ ሪፈር የተጻፈላት አባል ለመጓጓዣ ስትል ቀጠሮዋ እንዳያልፍ ማኅበሩ ያለ ወለድ የሚያበድረው አነስተኛ ገንዘብ ይመደብ። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኑም መዋጮ ምርት በሚሸጥበት ወቅት እንዲሰበሰብ ማኅበራቱ ቢያግዙ ብዙ ቤተሰብ ከዕዳ ይድናል። መድኑ በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር ከኦሮሚያ ወረዳዎች አንዱ የምሥራቅ ሸዋው ግምቢቹ ስለነበር ለእኛ አካባቢ እንግዳ አይደለም። ሦስተኛ፣ በማኅበራቱ ሱቅ የሚሸጥ ድብልቅ ዱቄት ምን ምን እንደያዘና አኩሪ አተሩ የተቆላ መሆኑ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ከረጢቱ ላይ ይጻፍበት። የሚበላውን የሚያውቅ ሰው ለወሬ አይበገርም።

ያቺ እናት ምን ሆነች ትሉ ይሆናል። በማግሥቱ ከባለቤቷ ጋር ጤና ጣቢያ መጣች፤ ከዚያም ሆስፒታል ተላከች። ካንሰር ነበር፤ ወደ ብብቷም መድረስ ጀምሮ ነበር። ጡቷ በቀዶ ሕክምና ወጣ፤ ከባድ መድኃኒትም ወሰደች። አሁን ክኒኗን በየቀኑ ትውጣለች፤ ቀጠሮዋንም አታሳልፍም። በቅርቡ ሳገኛት ልጇን ከትምህርት ቤት ይዛ ትመለስ ነበር። «እነዚያን 8 ወራት ማን በመለሰልኝ» አለችኝ። ያንን ማንም ሊመልስላት አይችልም። ዛሬ በዚህ አዳራሽ ያላችሁ ግን ወደየቀበሌያችሁ ስትመለሱ ለሌላዋ እናት 8 ወር ልታተርፉላት ትችላላችሁ።

ዩኒየናችን ለብዙ ዓመታት ያብብልን።